መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ለእኒህ ሰው አሳዩ

ያገለገለ የቤት አውቶሞቢል ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ፤ በዚያው ምስጋናዬንም በአደባባይ ላድርስ። ጋራዣቸው ጎተራ አካባቢ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ሰው ከበዛባቸው ሥራቸው እንደሚበላሽ ያምናሉ። እኔ የምጠራቸው ጋሼ እያልሁ ነውና በዚሁ እቀጥላለሁ።

በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ቀድሞ የገባው ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ «ዛሬ ካልያዝሽው ነገ የለም» እያለ ያጣድፋል። ጋሼ አይጣደፉም፤ ከደላላ ሳንቲም አይቀበሉም፤ መኪናው ተገዛም አልተገዛም የሚያስከፍሉት ያው ነው፤ እሱም ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም።

የኔና የባለቤቴ ልብ ያረፈው በአንዲት እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል ኮሮላ ላይ ነበር። ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ የቆዳ ወንበር፣ የሚከፈት ጣሪያ፣ ትልቅ ስክሪን፣ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ። ጋሼ ሻጩን ጠዋት ሞተሩን እንዳያስነሣ አደራ ብለውት ነበር። ስንደርስ መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ አሳረፉና «ሞቋል» አሉ። ሌላ አልተናገሩም፤ ቡና አዝዘው ተቀመጡ። ሻጩ ተቁነጠነጠ፣ ደላላው ስልክ ደወለ፣ ጋሼ ሁለተኛ ስኒ አስቀዱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ቦነነ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ሲፈቱ ከአራቱ ሁለቱ በዘይት ርሰዋል። 1ዜድዜድ የሚባለው ይህ ሞተር፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የተሠራው፣ ዘይት በመብላት የታወቀ ነው አሉን፤ በፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቀጥለው ማግኔት በመሐረብ ጠቅልለው በጎኗ አስኬዱት። በሩ ላይ ተጣብቆ ቆየ፤ የኋላው ፓራፋንጎ (የጎማው መሸፈኛ ቆርቆሮ) ላይ ሲደርስ ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን የተጎዳ አካል የሚሞላበት ስቱኮ ነበር።

ብልሽት ማግኘትማ የመካኒክ ወጉ ነው። የጋሼ ልዩ ችሎታ እያንዳንዱን ጌጥ ወደ ወጪ መመንዘር ነው። «የሚከፈተው ጣሪያ፣ የውኃ መውረጃ ቱቦው በአቧራ ሲደፈን የሐምሌ ዝናብ ወንበርሽ ላይ ያርፋል፤ የባለ 17ቱ ጎማ ጎኑ ቀጭን ስለሆነ የሰፈራችሁን ኮብልስቶን አይችልም፤ ሲቀየርም ከባለ 14ቱ ይወደዳል። የቆዳ ወንበሩ እንኳ አይጎዳችሁም፤ አይጠቅማችሁምም።» ከዚያ ዘይት በጠጣ ካርቶን ላይ ያሰሉ ጀመር። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ በአዲስ አበባ መጨናነቅ 1.8ቱ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር፣ ባለ 1.3 ሞተር ትንሽ መኪና ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ ልዩነቱ 28 ሊትር ገደማ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ እንግዲህ በየወሩ ከ2,800 ብር በላይ መሆኑ ነው። በየጊዜው የሚጨመረው ዘይት ገና አልተቆጠረም። ሙሉ የመድን ዋስትናም የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ስለሆነ ለጌጥ የተከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ አረቦን ያስከፍላል።

ትንሽ ሞተር ለሁሉም ይሻላል ግን አላሉም። «ቤተሰብ ጭናችሁ በየሳምንቱ ደብረ ብርሃን የምትመላለሱ ብትሆኑ 1.8ቱን አልከለክላችሁም ነበር። በዚህ ከፍታ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ትንሹ ዳገት ላይ ያቃስታል።»

ቀጥሎ ያየነውን ፕላትዝ የተባለ የቶዮታ መኪና ኮፋኖውን እንኳ አልከፈቱትም። ፕላትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራ በመሆኑ ከፋብሪካ ሲወጣ መሪው በቀኝ ነው፤ በግራ ካያችሁት የዞረ ነው። ማን እንዳዞረው ያልታወቀ መሪ ላይ ልጆች አላስጭንም ብለው አለፉት።

የገዛነው የ2008 ሞዴል ያሪስ ነው፤ 1.3 ሞተር፣ የጨርቅ ወንበር፣ ሬዲዮ ብቻ። ካምሻፍቱን (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሳይሆን ሰንሰለት ስለሆነ በየጊዜው የሚቀየር ቺንጋ የለበትም። ጋሼ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ አበላልና የመሪውን መላላጥ ከተነዳው ኪሎ ሜትር ጋር አስተያዩ። የጎማዎቹን ጎን አነበቡ፤ 3218 የሚለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2018 ዓመት 32ኛ ሳምንት ላይ መመረታቸውን እንደሚናገር ያወቅሁት ያኔ ነው። የፊት ሾክ አብዞርበሮቹና የፍሬን ሸራው ማለቃቸውን አገኙ፤ የመለዋወጫ ገበያውን የሶማሌ ተራን ዋጋና የእጅ ሥራውን ጽፈው ወረቀቱን ለሻጩ ሰጡት። ሻጩ ያንኑ ያህል ቀነሰ። ቀብድ ከመክፈላችን በፊትም ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት አጣሩ ብለው አስጠነቀቁን።

እንከናቸውን ልደብቅ አልፈልግም። ስልክ ቶሎ አያነሡም፤ እሑድና በዓል አይሠሩም፤ ምላሳቸው ስል ነው። ባለቤቴ «ቀለሟ ያምራል» ቢላቸው «ቀለም አይነዳም» ብለው ዝም አሰኝተውታል። የአውሮፓና የኤሌክትሪክ መኪና አያዩም፤ በማያውቁት ሥራ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ባይ ናቸው።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ። ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፤ ሻጩም ሊብሬውን ይዞ ይምጣ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ሳያመሳክሩ ሥራ አይጀምሩም።