ለካምፕ ማብሰያና ለልዩ ልዩ ሥራ፦ ሞራ፣ ካ-ባር ወይስ የባሌስትራ ቢላዋ?

ለካምፕ ቢላዋ ሊገዛ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ እንጨት መፍለጥ ነው፤ ካምፕ ከተደረሰ በኋላ ግን ቢላዋው የሚውለው ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ድንች ሲልጥ፣ ሥጋ ሲዘለዝልና ገመድ ሲበጥስ ነው። በዚህ ምክንያት ሦስቱን ቢላዋዎች፣ ማለትም የስዊድኑን ሞራ ኮምፓኒየን፣ የአሜሪካውን ካ-ባርና የአገራችን ብረት ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩትን፣ በቅድሚያ የመዘንኳቸው በመክተፊያ ላይ ነው። ሰንጢን ከንጽጽሩ ያወጣሁት ማጠፊያው ውስጥ የገባ ስብና የሥጋ ፍርፋሪ ውሃ በሚቆጠብበት ቦታ በቀላሉ ስለማይጠራ ነው።

ዋናው ልዩነት ውፍረት ነው። የሞራ ኮምፓኒየን ስለት 10.4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የጀርባ ውፍረት ሲኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ማሪን ጦር የተቀበለው ካ-ባር ደግሞ ወደ 17.8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጀርባውም ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱን እኩል ስለው ካሮት ላይ ቢያሳርፏቸው ሞራው እስከ መክተፊያው ድረስ ሲወርድ፣ ካ-ባሩ ግን ግማሽ ከገባ በኋላ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ካሮቱን ይሰነጥቀዋል፤ ቁራጩም ተፈናጥሮ ሣር ውስጥ ይገባል። ለቆዳ መግፈፍም ሆነ ድንች ለመላጥ የካ-ባር ርዝመት ከጥቅሙ ይልቅ ድካሙ ይበዛል።

ይህ ማለት ሞራው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ስለቱ ጠባብ በመሆኑና ከእጀታው ወደ ታች ወረድ ስላላለ፣ ሰፊ መክተፊያ ላይ ሽንኩርት ሲከተፍበት የጣት አንጓዎች ከእንጨቱ ጋር ይጋጫሉ። መፍትሔው እጀታው ከመክተፊያው ጠርዝ ውጭ እንዲውል አድርጎ መከተፍ ነው፤ ለሁለት ሰው ምግብ ይበቃል፣ ለአሥር ሰው ወጥ የሚሆን ሽንኩርት ግን በዚህ መንገድ ያሰለቻል። በተጨማሪም ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ስለማይዘልቅ በላዩ እየመቱ እንጨት ለመፍለጥ አይመከርም።

ካ-ባርን የሚመርጡ ሰዎች የሚያነሡት ክርክር ይኸው የመፍለጥ ጉዳይ ነው። ይሁንና በብሔራዊ ፓርኮቻችን ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ክልክል በመሆኑ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ባሌ የሚሄድ ተጓዥ የሚያበስለው ይዞት በመጣው ጋዝ ወይም ተፈልጦ በተገዛ እንጨት ነው፤ ፍልጥ የግድ ካስፈለገም ትንሽ መጥረቢያ ከየትኛውም ቢላዋ ይሻላል።

ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ ማተት አያስፈልግም። ሞራ ኮምፓኒየን በማይዝገውም በሚዝገውም ብረት ይሠራል፤ የታወቀው ባለ ቆዳ እጀታ ካ-ባርና የባሌስትራው ቢላዋ ግን ይዝጋሉ፤ ቲማቲምና ሎሚ ሲቆረጥባቸውም ይጠቁራሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የቲማቲም ቁርጥ በባሌስትራ ቢላዋ አዘጋጅቼ ሳላጥበው በማደሬ፣ ጠዋት ስለቱ ላይ ቡናማ ዝገት አግኝቻለሁ፤ ሰላጣውም ብረት ብረት ብሎ ነበር። የካ-ባር የቆዳ እጀታና ሰገባ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ለሚነካ እጅ አይስማሙም፤ ስብና እርጥበት ይይዛሉ።

የባሌስትራው ቢላዋ ከሁለቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም በትእዛዝ መሠራቱ ነው። ጀርባው ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ስለቱ ሰፋ ብሎ ተረከዙ (እጀታው አጠገብ ያለው የስለቱ ጫፍ) ከእጀታው በሁለት ጣት እንዲወርድ ለቀጥቃጩ ቢነገረው፣ የሞራን የመክተፊያ ችግር የሚፈታ ቢላዋ ይወጣል። ችግሩ ጥራቱ ከእጅ እጅ መለያየቱ ነው።

ስለዚህ ቶሎ ገዝቶ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የማይዝገውን ሞራ፣ ጊዜ ኖሮት ለብዙ ሰው ለሚያበስል ደግሞ የባሌስትራውን እመርጣለሁ፤ ካ-ባር ለዚህ ሥራ አይመቸኝም። ከጀርመን ለሚገዙ ወገኖች አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፦ በዚያ አገር ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ የማይታጠፍ ቢላዋ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ የተከለከለ ሲሆን፣ ካ-ባር ከዚህ ወሰን ሲያልፍ ሞራው አያልፍም።

የባሌስትራ ቢላዋ ተሠርቶ ያለቀ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ሞረድ ይዘው ይሂዱና ስለቱ አጠገብ ቀስ አድርገው ይግፉት፤ ሞረዱ ብረቱን እንደ ሳሙና ከፋቀው ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተ ግን በአግባቡ ጠንክሯል። ቀጥሎም ቢላዋውን ወደ ብርሃን አዙረው ስለቱን ዳር እስከ ዳር ይዩት፤ በማሽን ሲሳል ግሎ የቀረ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለበት እዚያ ቦታ ላይ ቶሎ ይዶለዱማልና ሌላ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።