ድሬዳዋ ላይ ወይን ለማቆየት የቱ ማቀዝቀዣ ይሻላል?

አዲስ አበባ ላይ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ አጋድሞ መርሳት ይቻላል። ድሬዳዋ ላይ አይሆንም። ወይን የሚስማማው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አካባቢ፣ ያውም የማይዋዥቅ ሙቀት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የፍሬው ጣዕም ይጠፋል። ደረቁ አየር ደግሞ ቆሞ የተቀመጠ ጠርሙስን ቡሽ ያደርቀዋል፤ አየር ይገባና ወይኑ ይበላሻል።

ሱቅ ስትገቡ ሁለት ዓይነት የወይን ፍሪጅ ታያላችሁ። ቴርሞኤሌክትሪክ የሚባለው፣ ማለትም ያለ ሞተር በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያቀዘቅዘው፣ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ አይንቀጠቀጥም፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ለድሬ ግን አልመክረውም። ከክፍሉ ሙቀት ዝቅ ማድረግ የሚችለው ቢበዛ 15 ዲግሪ ያህል ነው። ክፍሉ 35 ከሆነ ውስጡ ከ20 አይወርድም። ኤሲ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ክፍል ካላችሁ ብቻ አስቡበት።

ሁለተኛው፣ እንደ ቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰር (የማቀዝቀዣ ሞተር) ያለው፣ ትንሽ ይጮኻል፣ ግን ሥራውን ይሠራል። ከመክፈላችሁ በፊት የተለጠፈበትን ወረቀት አንብቡ። "ኤን" የሚለው የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል ነው። "ኤስቲ" እስከ 38፣ "ቲ" እስከ 43 ይችላል። ለድሬ ከ"ኤስቲ" በታች አትግዙ፤ "ቲ" ከተገኘማ በጣም ጥሩ። ሻጩ ስለ መብራቱና ስለ መስታወቱ ሲያወራላችሁ እናንተ ይቺን ፊደል ፈልጉ።

የቤት ፍሪጅስ? ገዝታችሁ በወር ውስጥ የምትጠጡ ከሆነ ይበቃችኋል፤ ሌላ ወጪ አታውጡ። 4 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ በቡሽ የተዘጋን ለብዙ ወራት አታቆዩበት። በጠመዝማዛ ክዳን የተዘጋው የሚደርቅ ቡሽ የለውም። ቀይ ወይን ከመቅዳታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ አውጡት። "ቀይ በክፍል ሙቀት ይጠጣል" የሚባለው ለድሬ ክፍል አይሠራም።

መብራት ለሚያስቸግረው ሰው እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለበት የሸክላ ገንቦ አለ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል። 14 ዲግሪ አያደርስም፣ በየቀኑም ውሃ ይፈልጋል። ለጥቂት ሳምንታት ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ እጅግ ይሻላል።

ኮምፕረሰሩን ከገዛችሁ ስታቢላይዘር ጨምሩበት፤ ከጀርባው አየር የሚወጣበት ክፍተት ተዉለት። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ።