ስልኩን አንስቶ ላዳመጠው ወንድሜ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የዘገየ ምስጋና

ሰላም ወገኖቼ። ይህን ጽሁፍ ዛሬ ነገ እያልኩ ሳሳድረው ዘመን አለፈው። ያስታወሰኝ ኤኦኤል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስልክ መስመር የሚሰጠውን ኢንተርኔት ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ዘጋ የሚለው ወሬ ነው። እኔማ እስከዚያ ቀን መኖሩንም ረስቼው ነበር። ልጄ "እማ፣ ዳያል አፕ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝና ድምፁን ከስልኳ ፈልጋ አሰማችኝ። ያ ጩኸት! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ እንባዬ። ልጅቷ ግራ ገባት። እስቲ ለእሷም ለእናንተም ላውራው።

ጊዜው 2002 ነው፣ በፈረንጆቹ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበርኩ። ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ ቀን ቀን ነርሲንግ ትምህርት ቤት ለመግባት እሯሯጣለሁ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 98 ያለበት፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልትጥለው ስትል የሰጠችኝ፣ እንደ ሳጥን የሚከብድ ነገር ነው። በፖስታ በየሳምንቱ ይላክልን የነበረውን የኤኦኤል ሲዲ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ እኔ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ አድርጌው ነበር። የእኔ ኢንተርኔት የሌላ ኩባንያ ነው፣ ስሙን ልተወው።

አባባ ደሴ ናቸው፣ ቤት ውስጥ ስልክ የለም። እህቴ አዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌ እየገባች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈች ትልክልኛለች። በካርድ ልደውል ስል ቁጥሩን ስፍቅ፣ ስደውል፣ ግማሹን ጊዜ አይገባም። ስለዚህ ያቺ ኢሜይል ለእኔ እስትንፋስ ነበረች።

አንድ ማታ ልገናኝ ስል ሞደሙ፣ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ ቀጭ አለና ዝም። ስህተት 680 የሚል ጽሁፍ መጣ፣ የስልክ ድምፅ የለም ይላል። ስልኩን ግን አነሳዋለሁ፣ ይሠራል! ደውዬም አወራበታለሁ። እንደገና ኮምፒውተሩን ስሞክር፣ 680።

አሁን ምሬቴን ፍቀዱልኝ። መጀመሪያ አንድ ሱቅ ተሸክሜ ወሰድኩት፤ አዎ ተሸክሜ፣ በአውቶቡስ። ሰውየው ሳይከፍተው "ሞደሙ ተቃጥሏል" አለና አዲስ ሸጠልኝ። የሁለት ሌሊት ደመወዜ ነው። ቤት ወስጄ ሰካሁት፣ ያው 680። መልሼ ብሄድ "የሸጥኩልሽ ደህና ነው፣ ችግሩ የቤትሽ ነው" ብሎ ሸኘኝ። ቀጥሎ የኢንተርኔቱ ኩባንያ ጋ ደወልኩ። 1 ተጫኚ፣ 2 ተጫኚ፣ ሙዚቃ፣ አርባ ደቂቃ ጥበቃ። በመጨረሻ አንዷ አነሳችና "አሁን ሞክሪው" አለችኝ። እንዴት ልሞክር? መስመሩ አንድ ነው! ለመሞከር እሷን መዝጋት አለብኝ። ዘጋሁ፣ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ፤ እንደገና አርባ ደቂቃ፣ ሌላ ሰው፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው። ይህን ሦስት ቀን አደረግሁት።

በጣም የቆጨኝ ግን የአገሬ ልጅ የሠራኝ ነው። ማንነቱን አልናገርም፣ እግዜር ይስጠው። "ቫይረስ ነው" አለና ሳይጠይቀኝ ፎርማት አደረገው። ለትምህርት ቤቱ አንድ ወር የጻፍኩት የማመልከቻ ድርሰት፣ እህቴ ስካን አድርጋ የላከችልኝ የእናቴ ፎቶ፣ ሁሉም ሄደ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሲወጣ "አሁን እንደ አዲስ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ባዶ ነበር። 680ዋ ግን አልጠፋችም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ሳለቅስ ያየችኝ አንዲት እናት "ቀን ታክሲ የሚነዳ፣ ማታ ኮምፒውተር የሚያይ ልጅ አለ" ብላ ቁጥሩን ሰጠችኝ። ለ12 ሰዓት ተቀጥሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። (ይህን ጠባዩን እስከ ዛሬ አልተወውም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።) እኔ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ቆሜያለሁ። እሱ ዞር ብሎም አላየው። "እህቴ፣ ስልኩ የታለ?" አለኝ። አሳየሁት። አነሳና ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

በቃ ይሄ ነው። ያ ሁሉ ሰው ኮምፒውተሩን ሲፈታታ፣ ስልኩን አንስቶ ያዳመጠ አንድም አልነበረም። እሱ አዳመጠ። ዘግቶ እንደገና አነሳና አዳመጠ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

"ምን ይላል?"

"ቱት፣ ቱት፣ ቱት ይላል። ከዚያ ቱ... ብሎ ይቀጥላል።"

"መጀመሪያውን ለምን የሚቆራርጠው ይመስልሻል?"

"የአሜሪካ ስልክ እንዲህ ይሆናላ!"

ሳቀ። "አይደለም። ያልሰማሽው መልእክት አለሽ ማለቱ ነው። ሞደምሽ ደግሞ ቀጥ ያለ ድምፅ ነው የሚያውቀው፤ ሲቆራረጥበት ስልክ የለም ብሎ ይተወዋል።"

ቮይስሜይል እንዳለኝ እንኳ አላውቅም ነበር! ለካ ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ በየወሩ እከፍልበታለሁ። እኔ ኢንተርኔት ላይ ሆኜ መስመሩ ሲያዝ የደወለ ሰው እዚያ ይገባል። ልናዳምጥ ስንል የሚስጥር ቁጥር ጠየቀን፣ የለኝም። ልጁ በራሱ ሞባይል ለስልክ ኩባንያው ደወለ፤ ያኔ ሞባይል በደቂቃ ነው የሚቆጠረው፣ ታክሲ ነጂ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ፣ ሲያነሱለት በጨዋ እንግሊዝኛ አስረዳ፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ ቁጥር አወጡልኝ። ከዚያ ከቤት ስልኬ ደውሎ ቁጥሩን አስገባና አንድ ጊዜ ብቻ ሰማ። ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ሰጠኝና "ውጭ ሲጋራ ላጭስ" ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት ሲጋራ አያጨስም።

አባባ ነበሩ። ደሴ ቴሌ ሄደው ደውለው፣ ያቺ የተቀረጸች ፈረንጅ ስታናግራቸው ሰው መስላቸዋለች። "እሜቴ፣ እንግሊዝኛ አልሰማም፤ ልጄን ያቅርቡልኝ" ይላሉ። ትንሽ ይጠብቃሉ። "እሺ፣ ሥራ ላይ ከሆነች ይንገሩልኝ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስደውኝ የዓይኔን ሞራ ገፈውልኛል፣ በላከችው ብር። ማየት ጀምሬያለሁ። ፎቶዋንም አየሁት፤ ከስታለች። ትብላ፣ ይበሉልኝ እሜቴ።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ መልእክት እዚያ ተቀምጦ፣ ሞደሙን አላስደውል ብሎ ኖሯል። እኔ እግዜርን ሳማርር።

መልእክቱን ሰምቼ ስጨርስ የስልኩ ድምፅ ቀጥ አለ። ልጁ ተመልሶ ገባ፣ ምንም አልጠየቀኝም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ አንዲት ራይት አጠፋ፤ ወደፊት ድምፁ ቢቆራረጥም ሞደሙ ሳይጠብቅ እንዲደውል ነው አለኝ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። ያ ጩኸት መጣ፣ ተገናኘ። ከእህቴ አሥራ አንድ ኢሜይል ወረደ፣ እያንዳንዱ "ለምን ዝም አልሽ?" እያለ። ስንት ልክፈል ብለው ለቤንዚን 10 ዶላር ተቀበለኝ። ቡናውን ግን ሦስተኛውን ሳይጠጣ አልሄደም።

በሳምንቱ ሳልጠራው ቴፕና ካሴት ይዞ መጣ። "መልእክቱ ቀን ሲሞላው ራሱ ይጠፋል" አለኝ። ማጫወቻውን ስልኩ ላይ ደግፎ ቀዳልኝ። ከዚያ ዓመት በኋላ አባባን በአካል ያገኘኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2009 አረፉ። ካሴቱ መልቀቅ ሲጀምር ደግሞ ያው ሰው ወደ ስልኬ ገለበጠልኝ። ዛሬ ጠዋት ልጄ የአያቷን ድምፅ የሰማችው ከዚያ ነው። "እሜቴ ማለት ምን ማለት ነው?" ትለኛለች።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው አሁንም ይሠራል! ታክሲውን ትቷል፣ ኮምፒውተሩን አልተወም። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ፦ ዋይፋይ አልያዝ ካለ፣ ፕሪንተር እምቢ ካለ፣ ጓዳ የተቀመጠ የድሮ ኮምፒውተር ውስጥ ፎቶ ካላችሁ፣ አትጣሉት፣ ለማንም አትስጡት፣ እሱ ጋ ውሰዱት። ሳይጠይቅ ምንም አያጠፋም። ለእናቶች የትኛውን መጫን እንዳለባቸው በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍላቸዋል፤ እኔ ራሴ አክስቴ ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር "ይቺን እንዳትነኩ" የሚል አይቻለሁ። የማይችለውን "አልችልም" ይላል፣ ገንዘብ አይበላም። ኧረ ደውሉለት!

ስሙን ልጽፍ ብዬ ስነግረው "ከጻፍሽ ሁለተኛ ቡናሽን አልጠጣም" ስላለኝ ትቼዋለሁ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድ ጠዋት ግን አትደውሉለት፣ ቅዳሴ ላይ ነው። ሲቀጥራችሁም ሁለት ሰዓት ጨምራችሁ ቁጠሩ።