ለቤተሰብ ዒላማ የቱ ይሻላል፦ የገመድ ወንጭፍ ወይስ የላስቲክ?

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆችና ከጓደኞች ጋር ዒላማ ለመምታት ሁለት ምርጫ አለ።

የገመዱ ወንጭፍ ገበሬ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅበት፣ ዳዊትም ጎልያድን የጣለበት ነው። ድንጋዩን ሩቅ ይወስዳል፤ ችግሩ አለቃቀቁ ላይ ነው። እያሽከረከሩ ጫፉን ትንሽ አዘግይተው ከለቀቁት ድንጋዩ ወደ ጎን፣ ተመልካቹ ወደቆመበት ይሄዳል። ሰፊ ሜዳና ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፤ ቤተሰብ በተሰበሰበበት አልመክረውም።

የላስቲኩ ሌላ ነው። ባላውን በአንድ እጅ ጨብጦ፣ ቆዳውን እስከ ጉንጭ ስቦ፣ ጣሳው ላይ አነጣጥሮ መልቀቅ ነው። ትንሿ ልጅ ከአያቷ እኩል ትወዳደራለች፤ ጣሳው ቋ! ብሎ ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይጮሃል፣ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። የተሰነጣጠቀ ላስቲክ ግን ተበጥሶ ዓይን ሊመታ ይችላል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እዩት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም አድርጉ። ከዒላማው ጀርባ የአፈር ቁልል ይኑር፤ ግንብ ከሆነ ድንጋዩ ነጥሮ ይመለሳል።

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ግን በሁለቱም አትሞክሩ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ፍለጋ በሰው መሃል የሚመላለሱበት ስፍራ ነው።