እናቴን ለጉልበት ሕመም የወሰድኩበት የድሬዳዋ ክሊኒክ

የ61 ዓመቷ እናቴ ከወንበር ስትነሣ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች «ቁርጥማት ነው፣ ያልፋል» ስትል ሁለት ዓመት አለፈ። ቀደም ሲል በሄድንበት ቦታ ማስታገሻ ኪኒን ብቻ ተሰጥቷት ስለተመለሰች፣ ከሁለት ወር በፊት ከዚራ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ወሰድኳት። ለመጀመሪያው ምርመራ 600 ብር የከፈልን ሲሆን፣ ምርመራው 40 ደቂቃ ያህል ፈጅቷል።

ባለሙያዋ ስለ ራጅ ከማንሣቷ በፊት እናቴን በባዶ እግሯ አቆመቻት። «እናቴ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ያጋጥሙልኝ» ብላ በጉልበቶቿ መካከል የቀረውን ክፍተት ካየች በኋላ፣ እግር ወደ ውጭ ሲጎብጥ የሰውነት ክብደት በጉልበት ውስጠኛ ጎን ላይ ስለሚበረታ በዚያ በኩል ያለው ካርቲሌጅ (የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) ቶሎ ሊሳሳ እንደሚችል አስረዳችን። ከዚያም አልጋ ላይ አስተኝታ ከዳሌዋ አጥንት እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ድረስ ሁለቱንም እግሮቿን በሜትር ለካች፤ ግራው ከቀኙ በ1 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ይህን ያህል ልዩነት፣ በተለይ በአጭሩ እግር በኩል፣ ከጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (ካርቲሌጅ እየሳሳ ሲሄድ ከሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም) ጋር ተያይዞ በጥናት ታይቷል። እናቴን የሚያማትም ግራው ነው።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የጣቶቿ ምርመራ ነው። ከሥራ ብዛት የመጡ ይመስሉኝ የነበሩትን፣ በጣቶቿ ጫፍ አንጓ ላይ ያሉትን ጠጣር እብጠቶች አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። የእጅ ኦስቲዮአርትራይተስ ምልክት እንደሆኑና በቤተሰብም እንደሚተላለፉ ነግራን፣ የእኔንም እጅ ለማየት ጠየቀች።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጠበቂያው ክፍል የተለጠፈው ሥዕል ሌባ ጣቱ ከቀለበት ጣቱ የሚያጥር ሰው የጉልበት በሽታ «ይይዘዋል» ይላል፤ ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶችም ጣታቸውን እያስተያዩ ሲደነግጡ አይቻለሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ2,000 በላይ ሰዎችን አይቶ፣ እንዲህ ዓይነት ጣት ባላቸው ሰዎች ላይ የበሽታው ዕድል እስከ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል፣ ግንኙነቱም በሴቶች ላይ እንደሚጎላ አመልክቷል፤ የተጋላጭነት ፍንጭ ሰጠ እንጂ በማንም ላይ አልፈረደም። የእኔም ሌባ ጣት አጭር ስለሆነ ባለሙያዋን ስጠይቃት ያረጋጋችኝ ይህንኑ በመንገር ነው። ጣትና የእግር አጥንት የተሰጡን ናቸው፤ የጭን ጡንቻንና ክብደትን ግን መለወጥ እንችላለን፣ አንድ ኪሎ ሲቀነስም በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል አለችኝ። ሥዕሉ እሷ በተናገረችው ልክ ሊታረም ይገባዋል።

ለእናቴ በግራ ጫማዋ ውስጥ የሚገባ ስስ ሶልና ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እየዘረጋች የምትሠራው እንቅስቃሴ ታዘዘላት። አሁን ያለ እጅ ድጋፍ ትነሣለች፤ ስለዚህ ክሊኒኩን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ነገር ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ 2ኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ለጉልበት ሕሙማን እጅግ ከባድ ነው። በሦስተኛው ቀጠሯችን እናቴ ደረጃውን ቀስ ብላ ስትወጣ፣ ከኋላችን የነበሩትን እናት ሁለት ልጆቻቸው ተሸክመዋቸው ወጡ። ቢያንስ የመጀመሪያው ምርመራ ምድር ቤት የሚደረግበት መንገድ ቢፈለግ እላለሁ።