ዘጠኝ ወር ከ«ደንጅንስ ኦፍ ዴዝ» ጋር፦ ወንዙ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው

ይህን የካርታ እሽግ ግምገማ ያስጻፈኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው አሥራ ሁለት ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ካርታ ስንጫወት «ወንዝ ዳር ደረስክ» የምትለውን ካርታ አወጣሁ። በፊት እንዲህ ዓይነት ካርታ ሲወጣ ልጁ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቀና እንኳ ሳይል «ሁለተኛውን ነው የምታደርገው አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለተኛውን ነበር የማደርገው። የገዛሁትን ነገር ምንነት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአፍ እየተረኩ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» ደግሞ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው፣ በ1993 የወጣ የሚሰበሰብ ካርታ ነው። የካርታው አሳታሚ የተረቱን አሳታሚ በ1997 ገዛውና ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ይሁን እንጂ የተረቱ ዓለም ሙሉ የካርታ ስብስብ ሆኖ የወጣው ገና በሐምሌ 2021 ነው። ከስብስቡ ጋር መቶ መቶ ካርታ የያዙ አራት ዝግጁ እሽጎች ወጡ። የእኔ አንደኛው ነው፤ ስሙ «ደንጅንስ ኦፍ ዴዝ»፣ የሞት ዋሻዎች እንደ ማለት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ከጥቂት ትንንሽ ፓኬቶች ጋር ይዞልኝ መጣ። ዋጋውን እስካሁን ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ ካርታ ከተባለ ቁማር ነው ብላ የምታምን ሴት ናት፤ ዋጋውን ብትሰማ ደግሞ ልክ ነበርኩ ትላለች።

የገዛሁበት ምክንያት ግን ጓደኛዬ ነው። አምስት ሆነን ተረቱን ስንጫወት መሪያችን እሱ ነበር፤ ደንጅን ማስተር የሚባለው ማለት ነው፤ ዓለሙን የሚተርክ፣ በየጠላቱ ድምፅ የሚናገር፣ ለጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጀማሪዎች ሳጥን ነበረው፤ ውስጡ «የጠፋው የፋንደልቨር ማዕድን» የሚባል ጉዞ አለ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ይሚክ የሚባል ጎብሊን፣ ትንሽ ጭራቅ ማለት ነው፣ ምርኮኛ ይዞ ይደራደራል። ጓደኛዬ ይሚክን ያጫወተው እንደ ቀፊራ ገበያ ነጋዴ ነበር። እየማለ፣ እየተገዘተ፣ «ለእናንተ ስለሆነ ነው» እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ አከራከረን። በመጨረሻ ምርኮኛውን አስለቅቀን፣ የእኛን አህያ አስረክበን ወጣን። አህያ እንዳለን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱ ነው እዚያው የፈጠረልን። ከዚያ ሥራ አገኘና ወደ ጅቡቲ ሄደ። እኔም ያን ዋሻ በካርታ መልክ አገኘሁትና ገዛሁ። ሰው የሚወደው ዘፋኝ ሲሰደድበት ካሴቱን እንደሚገዛ ነው።

አሁን የካርታውን ዋሻ ላሳያችሁ። «የጠፋው የፋንደልቨር ማዕድን» አንዲት ካርታ ናት፤ ከጨዋታው ውጭ ጎን ላይ ትቀመጣለች። ሰባት ክፍሎች ተሥለውባታል። ካርታዎችህ «ወደ ዋሻው ዝለቅ» ባሉ ቁጥር አንድ ክፍል ትወርዳለህ። ከመግቢያው ወደ ጎብሊኖች ጎሬ ወይም ወደ ማዕድኑ መተላለፊያ፣ ከዚያ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ቤተ መቅደሱ፤ አለቀ። የጎብሊኖች ጎሬ ስትገባ ምን ይሆናል? አንድ ጉልበትና አንድ ጥንካሬ ያለው ጎብሊን ታገኛለህ። ይኼው ነው። ምርኮኛ የለም፣ ድርድር የለም፣ አህያም የለም።

ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። በፋንደልቨር ከላይ እስከ ታች የሚወስዱት መንገዶች አራት ናቸው። «የጥፋት መቃብር» የሚባለው ሌላ የዋሻ ካርታ ሁለት ብቻ አለው። ሦስተኛው፣ «የዕብዱ አስማተኛ ዋሻ»፣ ሰባት ደረጃ ቢወርድም መንገዱ አራት ነው። ሲደመር አሥር። ዘጠኝ ወር በአሥር መንገድ ተመላለስኩ ማለት ነው። ከቤቴ እስከ ቀፊራ እንኳ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አለ።

ሻጩ በዚህች ቦታ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ የካርታ ጨዋታ ነው፤ ፍጥነት ይፈልጋል» ይለኛል። ይሁን፤ ታዲያ ለምን ዋሻ ብለህ ሸጥክልኝ? መሰላል ብትለኝ መሰላል ገዛሁ ብዬ አርፌ እቀመጥ ነበር። «እንደ መሪ የሚናገሩ ካርታዎችም አሉ» ይለኛል ደግሞ። አሉ። «ወንዝ ዳር ደረስክ» ከእነዚያ አንዷ ናት። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ እንደ መሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገርና ዝም ትላለች።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ገና ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ካርታዋን አወጣሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጓደኛዬ እንደሚያደርገው፣ «ወንዝ ዳር ደረስክ» አልኩት። ልጁ ብድግ አለ። «ሞልቷል?» አለ። የድሬ ልጅ ነዋ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆይና ደጋው ላይ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ወንዝ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው እንደወሰደ እዚህ ከተማ የማያውቅ ልጅ የለም። «ሞልቷል» አልኩት። ምርጫዎቹን አነበብኩለት። አንደኛ፣ ከሞገዱ ጋር ታገል፤ ከመሬት በስተቀር አንድ የተዘረጋ ካርታ ወደ ባለቤቱ እጅ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ መሻገሪያ ፈልግ፤ አንድ ፍጡር አንድ ጉልበት ይጨመርለትና የሚያግደው አይኖርም። ልጁ አሰበ። «አጎቴ፣ ጎርፉ እስኪያልፍ ብንጠብቅስ?» አለ።

እንዲህ ነው የሚባለው! ደቻቱ ዳር የቆመ ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጓደኛዬ ቢሆን ፊቱ ይበራ ነበር፤ «ጠበቃችሁ፤ መሸ፤ ከማዶ አንድ ፋኖስ ታያችሁ» ብሎ ይቀጥል ነበር። እኔ ግን ካርታዋን አገላበጥኩና «አይቻልም፣ ሁለት ነው ያለው» አልኩት። በሦስተኛው ወር ጥያቄው ቀነሰ። በስድስተኛው ቆመ። አሁን ከእኔ የተሻለ ይጫወታል፤ በማሸነፉ ኩራት ሊሰማኝ ይገባ ነበር።

ሌላው ነገር ደህና ነው። ሴፍሪስ የምትባለው አዛዥ፣ እሽጉ የተሠራባት ዋና ካርታ ማለት ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች፤ ፍጡር ወደ መቃብር፣ ማለትም ወደ ሞቱት ካርታዎች ክምር፣ በወረደ ቁጥር፣ በአንድ ተራ አንዴ ብቻ ቢሆንም፣ ወደ ዋሻው ታዘልቅሃለች፤ ዋሻውን ስትጨርስ አንዱን ፍጡር ከመቃብር ታስነሳልሃለች። እሽጉ ከሳጥኑ እንደወጣ ይሠራል። ሴፍሪስ ራሷ የሚያብረቀርቅ ካርታ ስለሆነች በድሬ ደረቅ አየር እንደ ቆርቆሮ ጎብጣለች፤ ወረቀቱ እርጥበቱን ሲያጣ ይኮማተራል፣ የሚያብረቀርቀው ንጣፍ ግን አይኮማተርም። አዛዥ ከሌሎቹ ጋር ስለማትበወዝ ግድ የለኝም።

ብልህ ብሆን ኖሮ ገንዘቤን በተቃራኒው አቅጣጫ ባወጣሁት ነበር። ጋብቻው ወዲያም ወዲህም ነውና። የካርታው ዓለም ወደ ተረቱ የገባባቸው መጻሕፍት አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ራቭኒካ፣ በ2020 ቴሮስ፣ በ2021 ስትሪክስሄቨን። እነዚያ አገሩን፣ ማኅበራቱንና አማልክቱን ይሰጡህና መሪውን ለአንተ ይተዉታል። ካርታው ወደ ተረት ሲሄድ አፍ ያገኛል፤ ተረቱ ወደ ካርታ ሲመጣ አፉን በር ላይ ጥሎ ይገባል። ይህን ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም አልሰማም ነበር፤ የጓደኛዬ ወንበር ባዶ ነበር።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ እሽጉን ላስቀምጠው ወስኜ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ደጋው ላይ ዘነበ። ከልጁ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ደቻቱ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና ጎማ እየገፋ ይወርዳል። ዳሩ ላይ ፌስታል በራሳቸው ላይ ያጠለቁ ሰዎች፣ በጎቹን የያዘ አንድ ሽማግሌ፣ ሞተራቸውን ያጠፉ ባጃጆች ቆመዋል። ማንም አይታገልም፤ መሻገሪያም የሚፈልግ የለም። ልጁ ክንዴን ነካ አደረገና «አጎቴ፣ ሁሉም ሦስተኛውን መረጡ» አለኝ።

ቤት እንደገባን እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ካርታዋ ላይ እንዳይጽፍ ልጮህበት ስል እሱ ቀድሞኝ ላስቲክ ሽፋኗ ላይ ጻፈ፦ «ጎርፉ እስኪያልፍ ጠብቅ፤ ተራህን እለፍ፤ ሁለት ካርታ ሳብ።» ሁለት ይበዛል አልኩት። ተከራከርን። እየማለ፣ እየተገዘተ ተከራከረኝ። በአንድ ካርታና በአንድ በግ ተስማማን። በጉን ከሽማግሌው ነው ያመጣው፤ ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልወሰንም።