ሬቲኖይክ አሲድ ወይስ ማይክሮ አርኤንኤ? ለጀማሪ ላቦራቶሪ የቱ ይገዛ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላቦራቶሪ የሚያደራጅ ወዳጄ «ግንደ ሕዋስ መሰል ሕዋሶችን ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ለመለወጥ ከሁለቱ የቱን ልግዛ?» ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «መብራት በሳምንት ስንቴ ይጠፋል?» ብዬ ነው። ዳር ላይ ለምንሠራ ሰዎች ከዋጋው በፊት የሚቀድመው ፍሪዘሩ ነው።

ሬቲኖይክ አሲድ የቫይታሚን ኤ ልጅ ነው። ወደ ሕዋስ ለመግባት አጓጓዥ አይሻም፤ ኒውክለስ ውስጥ ያሉትን ተቀባይ ፕሮቲኖች ይዞ ብዙ ጂኖችን ባንዴ ያስነሣል። ዱቄቱን ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሚያ አሟሙቶ ሚዲያው (ሕዋሶቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ላይ ጠብ ማድረግ ነው። ኤችኤል-60 ለሚባሉት የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕዋሶች 1 ማይክሮሞላር (የመጠነ ክምችት መለኪያ) ይበቃል፤ በ4 ወይም በ5 ቀን ግራኑሎሳይት ወደሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ይዞራሉ። ኤንቴራ-2 የሚባሉትን ግንደ ሕዋስ መሰል የካንሰር ሕዋሶች ወደ ነርቭ ለመውሰድ ግን 10 ማይክሮሞላርና የሳምንታት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብርሃንና አየር ያበላሹታል። እኔ አንዴ መስኮት ሥር ረስቼው፣ ሕዋሶቹ ንቅንቅ አልል ሲሉ ሚዲያውን ስወቅስ ከረምሁ። በፎይል ጠቅልሉት፣ በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት። ፅንስ ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ባልደረባ ዱቄቱን አትመዝን።

ማይክሮ አርኤንኤ 22 ገደማ ፊደል ያለው አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሥራውም ማስነሣት ሳይሆን ዝም ማሰኘት ነው። ሚር-145 የሚባለው ማይክሮ አርኤንኤ ለምሳሌ ሕዋሱን በግንደ ሕዋስነት የሚያቆዩትን ኦክት4 እና ሶክስ2 የተባሉ ጂኖች ያፍናል፤ ሚር-124 ወደ ነርቭ ይገፋል። ገበያ ላይ ሚሚክ የሚባለው ሰው ሠራሹ ቅጂ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ የቱቦውን ዋጋ ብቻ ነው። ሕዋስ ውስጥ የሚያስገባው የስብ ማጓጓዣ፣ ማነጻጸሪያው ሐሰተኛ ሰንሰለት፣ አርኤንኤ ከሚበላ ኢንዛይም የጸዳ ውኃና ቲፕ ሁሉ ለብቻ ይገዛል። ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥርም ኃይሉ ይሳሳል፤ ለሳምንታት ሥራ ደጋግሞ መስጠት ግድ ነው። እንደ ኤችኤል-60 ተንሳፍፈው የሚያድጉት ደግሞ በስብ ማጓጓዣ በቀላሉ አይቀበሉትም።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ሁለቱ ባላንጣ አለመሆናቸውን ነው። የሉኪሚያ ሕዋሶች ሬቲኖይክ አሲድ ሲያገኙ ሚር-223 የሚባለውን ማይክሮ አርኤንኤ ራሳቸው ያበዛሉ። ስለዚህ ለወዳጄ ያልሁት «አሲዱን ግዛ፤ በተረፈው ብር ሚር-223ን በፒሲአር (አባዝቶ በሚለካው ዘዴ) የምትለካበትን ፕራይመር፣ ማለትም መነሻ ሰንሰለት፣ ጨምር» ነው። ሚሚኩ የሚያስፈልገው «ለውጡን ያመጣው ይኸው ማይክሮ አርኤንኤ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው፤ ያኔም ያንኑ ማይክሮ አርኤንኤ ሥራ የሚያስቆመውን ማገጃ አብሮ ማዘዝ ነው፣ ከጀነሬተሩ በኋላ።